ከኦሪንጉ የሚጀምር ትንሽ የአየር ሲሊንደር አሠራር

አዳማ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ወይም የምግብ ዘይት በጠርሙስ የሚሞላ ትንሽ ማምረቻ መስመሩን ከእጅ ወደ ታመቀ አየር ሲያዞር፣ ቶሎ የሚቸግረው ጠርሙሱን ከመሙያው ሥር የሚያስቆመው በር ነው። ቦታው ጠባብ ነው። በሩን በአየር የሚገፋውና የሚስበው፣ ገበያ ላይ የሚገኘው ሲሊንደር ወይ ይረዝማል፣ ወይ ማሰሪያው አይገጥምም፣ ወይ ልኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሥራ ይቆማል። ለእንዲህ ያለ ቦታ 16 ሚሜ የውስጥ ስፋትና 20 ሚሜ ስትሮክ (ዘንጉ የሚጓዘው ርቀት) ያለውን ሲሊንደር ደህና ቶርኖና ጠንቃቃ ባለሙያ ባለበት ቤት መሥራት ይቻላል።

ብዙዎቹ በእጅ የተሠሩ ሲሊንደሮች የሚበላሹት ጉልበት አንሷቸው አይደለም። በቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ፒስቶን ላይ ያለው ኦሪንግ (አየር እንዳያልፍ የሚያግድ የጎማ ቀለበት) ከሚገባው በላይ ታፍኖ ነው። ሠሪው አየር እንዳያመልጥ ይሰጋና ኦሪንጉ የሚቀመጥበትን ቦይ ጠበብ ያደርገዋል፤ ሲሊንደሩ አየር አያፈስም፣ ግን አይንቀሳቀስም፤ ሲንቀሳቀስም እየተንገጫገጨ ነው። ስለዚህ ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ኦሪንግ ግዙ። ቦዩ የሚቆረጠው በኦሪንጉ ልክ ነው። ቦይ ቆርጦ የሚገጥም ኦሪንግ ፍለጋ መዞር ሥራውን ከጅራቱ መያዝ ነው።

1ኛ፦ ኦሪንጎቹን መግዛትና መለካት

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፤ ሁሉንም እጥፍ አድርጋችሁ ግዙ፣ በመጀመሪያው ገጠማ አንዱ መቆረጡ አይቀርም።

• ለፒስቶኑ፦ የውስጥ ስፋቱ 12፣ ውፍረቱ 2 ሚሜ የሆነ 1
• ለዘንጉ፦ 6 በ2 ሚሜ የሆነ 1
• ለሁለቱ ክዳኖች፦ 13 በ1.5 ሚሜ የሆኑ 2
• ለመጋጫ ትራስ (ፒስቶኑ ክዳኑን ሲመታ ለሚያለዝበው)፦ 12 በ1.5 ሚሜ የሆኑ 2

ዓይነቱ ናይትሪል የሚባለው ጎማ ይሁን፣ ጥንካሬው በጎማ መለኪያ 70 ሾር። ለውኃ መስመር ተብለው ከሚሸጡ ጥቁር ኦሪንጎች መካከል ኢፒዲኤም የሚባሉ አሉ፤ በዓይን ከናይትሪል አይለዩም፣ የማሽን ዘይት ሲነካቸው ግን ያብጣሉ። ከተጠራጠራችሁ አንዱን በሞተር ዘይት ውስጥ ለሁለት ቀን አሳድሩና በካሊፐር ለኩት። ወፍሮ ካገኛችሁት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በፓኬቱ ላይ 2 ሚሜ ቢልም ውፍረቱን ራሳችሁ ለኩ። 1.9 ከሆነ ከዚህ በታች ያሉት የቦይ ልኮች ይቀየራሉ። ለሚንቀሳቀስ የአየር ኦሪንግ የምትፈልጉት ጭመቃ ከውፍረቱ 10 ከመቶ አካባቢ ነው፤ ሳይንቀሳቀስ ለሚቀመጠው የክዳን ኦሪንግ ደግሞ 20 ከመቶ አካባቢ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አታቀላቅሉ። የክዳኑን ጭመቃ ፒስቶኑ ላይ መጠቀም ነው ከላይ ያልነው መታፈን።

2ኛ፦ ጉልበቱን ማስላት

ይህ አጭር ነው። የ16 ሚሜ ክብ የገጽ ስፋት 201 ካሬ ሚሜ ነው። በ6 ባር ሲገፋ 120 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 12 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። በመመለሻው በኩል የ6 ሚሜው ዘንግ 28 ካሬ ሚሜ ይይዛል፤ የቀረው 173 ካሬ ሚሜ 104 ኒውተን ይስባል። ለሰበቃ ሩቡን ቀንሱ። ለጠርሙስ በር የተረፈ ጉልበት ነው፤ እንዲያውም በ3 ወይም በ4 ባር ማሠራት ይሻላል፣ በር ላይ ጣቱን የሚረሳ ሠራተኛ አይጠፋምና።

«ታዲያ ለምን 12 ሚሜ አናደርገውም?» የሚል ካለ፦ ሲሊንደሩ ባነሰ ቁጥር የኦሪንጉ ሰበቃ ከጠቅላላ ጉልበቱ የሚወስደው ድርሻ ያድጋል፣ የቦዩ ስህተትም ይቅርታ አያገኝም። ለመጀመሪያ ሥራ 16 ይበቃል።

3ኛ፦ ቱቦው

ነሐስ ምረጡ። አሉሚኒየም ለመቅረጽ ይቀላል፣ ግን ገጽታው በአኖዳይዝ (በኤሌክትሪክ በሚወጣ ጠንካራ ቅርፊት) ካልጠነከረ አቧራ ይዞ የሚመላለስ ኦሪንግ ይፈገፍገዋል። የፒቪሲ ቱቦ ግን በምንም ምክንያት አይሁን። የውኃ ግፊት የሚችል ፒቪሲ በአየር ሲፈነዳ እንደ ብርጭቆ ስለታም ሆኖ ይበተናል፤ የታመቀ አየር ውስጡ ያለው ጉልበት የውኃን ዓይነት አይደለም።

የውጪው ስፋት 20፣ የውስጡ 16፣ ርዝመቱ 47 ሚሜ ነው። 47 እንዴት መጣ? ስትሮኩ 20፣ ፒስቶኑ 12፣ ሁለቱ ትራሶች በጠቅላላ 3፤ ይህ 35 ይሆናል። ከሁለቱም ጫፍ የክዳኖቹ አንገት 6፣ 6 ሚሜ ወደ ውስጥ ስለሚገባ 12 ተጨመረ። የግድግዳው 2 ሚሜ ውፍረት ለ10 ባር እንኳ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ማሳነስ ግን ቶርኖው ላይ ያጣምመዋል።

የሥራው ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። ከ22 ሚሜ ዘንግ ነሐስ ጀምሩ፣ በ15.5 መሰርሰሪያ ብሱ፣ በውስጥ መቁረጫ 15.9 አድርሱ፣ በ16 ሚሜ ሪመር (ቀዳዳን በትክክለኛ ልክ በሚጨርስ መቁረጫ) ጨርሱ። የውጪውን 20 የምታወጡት ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒው ቀጭኑን ቱቦ በሦስት መንጋጋ ጨብጣችሁ ውስጡን ብትቆርጡ፣ ሲፈታ ተመልሶ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይይዛል። በካሊፐር ላይታይ ይችላል፤ ኦሪንጉ ግን ያገኘዋል፣ በሦስት ቦታ አየር ያፈሳል።

ለማለስለስ አንድ የእንጨት ዘንግ ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቁ፣ 600 ቁጥር ቀጥሎም 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ነክራችሁ ጠቅልሉበት፣ ቶርኖው ቀስ ብሎ እየዞረ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ አመላልሱት። በጥፍር የሚሰማ ጭረት እስኪጠፋ ነው። እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ አትሂዱ፤ በጣም የለሰለሰ ገጽ ግሪስ አይዝም፣ ኦሪንጉም ይጣበቅበታል። በመጨረሻም በሁለቱም አፍ ላይ 2 ሚሜ ርዝመት ያለው፣ 15 ዲግሪ የሚሆን ተዳፋት አውጡ፤ ኦሪንጉ ሳይቆረጥ የሚገባበት በር ይህ ነው። ቱቦውን በሞቀ ውኃና በሳሙና እጠቡ። የብርጭቆ ወረቀቱ ፍርፋሪ ውስጥ ከቀረ ሲሊንደሩ ራሱን ሲሞርድ ይውላል።

4ኛ፦ ፒስቶኑና ዘንጉ

ፒስቶኑ ከነሐስ ወይም ዴልሪን ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራ። ስፋቱ 15.9፣ ርዝመቱ 12 ሚሜ። የቦዩ ታች ስፋት 12.4፣ ወርዱ 2.6 ሚሜ።

12.4 እንዲህ ይወጣል፦ ለ2 ሚሜ ኦሪንግ 10 ከመቶ ጭመቃ ማለት 1.8 ሚሜ ክፍተት ነው። ከ16 ላይ በሁለቱም ጎን 1.8 ሲቀነስ 12.4 ይቀራል። 12 የነበረው ኦሪንግ 12.4 ላይ ሲለጠጥ በ3 ከመቶ ይሰፋል፣ ትንሽም ይቀጥናል፤ እውነተኛው ጭመቃ 8 ወይም 9 ከመቶ ይሆናል። ጥሩ ነው። አንድ ሰው 12.4ን 12.8 ቢያደርገው በጎን 0.2 ሚሜ ብቻ ነው የጨመረው፣ ጭመቃው ግን በእጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ነው ቦዩ ላይ የምናመርረው። ወርዱ ከኦሪንጉ ውፍረት የሰፋውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎማ ሲጫኑት ቅርጹን ይቀይራል እንጂ አያንስም፣ ስለዚህ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል። የቦዩን የላይ ጠርዞች በቀጭን ሊማ ንኩ፣ ስለታም እንዳይሆኑ።

ዘንጉ 6 ሚሜ ስፋት፣ 61 ሚሜ ርዝመት ያለው ስቴንለስ ነው። የተበላሸ የኮምፒውተር ማተሚያ ውስጥ የቀለም ቤቱ የሚንሸራተትበት ዘንግ ብዙ ጊዜ ጥሩ ለስላሳ ገጽ አለው፣ 6 ሚሜ የሆነም ይገኛል። ጫፉን በሊማ ሞክሩት፤ ሊማው ከተንሸራተተ የጠነከረ ብረት ነውና ጥርስ አይወጣበትም፣ ሌላ ፈልጉ።

በፒስቶኑ መሐል በ3.3 መሰርሰሪያ ብሳችሁ የኤም 4 (የ4 ሚሜ ብሎን) ጥርስ አውጡ፤ 8 ሚሜ ብቻ ግቡ፣ አታሳልፉት። ያለፈ ቀዳዳ በጥርሱ በኩል አየር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሾልካል፣ ይህን ጉድለት ፈልጎ ማግኘትም አድካሚ ነው። ዘንጉን በጥርስ ማጣበቂያ አስገብታችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ቶርኖ ላይ አዙራችሁ የፒስቶኑን የውጪ ስፋትና ቦዩን ያኔ ቁረጡ። ለየብቻ ቆርጦ መግጠም ፒስቶኑን ከዘንጉ መሐል ያወጣዋል።

5ኛ፦ ክዳኖቹ

ሁለቱም 25 በ25 ሚሜ ካሬ፣ 10 ሚሜ ውፍረት፣ በአንድ ጎን 15.95 ስፋትና 6 ሚሜ ርዝመት ያለው ክብ አንገት አላቸው። አሉሚኒየም እዚህ ይሆናል፤ የዘንጉን ቀዳዳ የያዘው የፊት ክዳን ግን ነሐስ ይሁን። በአንገቱ ላይ ለ13 በ1.5 ኦሪንግ 13.6 ታች ስፋትና 2 ሚሜ ወርድ ያለው ቦይ ቁረጡ። በአራቱ ማዕዘን፣ ከመሐል 13.5 ሚሜ ርቀት ላይ፣ 3.2 ሚሜ ቀዳዳ ብሱ፤ ሁለቱን ክዳን አጣብቃችሁ ብትበሱት ይገጥማል። በእነዚህ ቀዳዳዎች 80 ሚሜ የሆኑ አራት የኤም 3 ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ያልፋሉ።

የኋላ ክዳን ቀላል ነው፦ መሐሉን በ3 ሚሜ አሳልፋችሁ ብሱ፣ ከኋላ በ4.2 አስፍታችሁ ለአየር መግቢያው የኤም 5 ጥርስ አውጡ።

የፊት ክዳን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መሐሉን በ6 ሚሜ ሪመር ጨርሱ። ከውጪው ገጽ 9.6 ስፋትና 2.6 ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አውጡ፤ የዘንጉ ኦሪንግ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ ቦይ መቁረጥ ልዩ መቁረጫ ስለሚፈልግ ጉድጓዱን ክፍት ትተን በ3 ሚሜ ሳህን እንከድነዋለን። ሳህኑ 25 በ25፣ መሐሉ 6.2 ሚሜ ቀዳዳ ነው፤ የሚያዘውም በእነዚያው አራት ዘንጎች ነው።

የፊት አየር መግቢያው ከጎን ይገባል። ከአንዱ ጎን መሐል፣ ከውስጠኛው ገጽ 5 ሚሜ ላይ፣ በ4.2 መሰርሰሪያ 6.5 ሚሜ ጥልቀት ግቡና ኤም 5 ጥርስ አውጡ። ከዚያው ቀዳዳ ወለል በ2 ሚሜ መሰርሰሪያ ጠቅላላው 8.5 እስኪሆን ቀጥሉ። አሁን ከአንገቱ ፊት፣ ከመሐል 5 ሚሜ ርቆ በዚያው ጎን አቅጣጫ፣ በ1.5 መሰርሰሪያ 11 ሚሜ ብሱ፤ ሁለቱ ይገናኛሉ። የጎኑን ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ የሚለየው ግድግዳ 1 ሚሜ ብቻ ስለሆነ የመሰርሰሪያውን ጥልቀት በቴፕ ምልክት አድርጉ። «ቱቦውን ከጎን ብበሳው አይቀልም ወይ?» ይቀላል። ኦሪንጉ ግን በቀዳዳው ላይ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይቆረጣል።

የሳህኑን የውጪ ገጽ 12 ሚሜ ስፋት፣ 1.5 ሚሜ ጥልቀት ቆፍራችሁ በዘይት የራሰ የሱፍ ቀለበት በማስቲሽ ለጥፉበት። የአዳማን የንፋስ ኃይል ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራም ይዞ ነው የሚመጣው። ዘንጉ ወጥቶ ሲመለስ ያንን አቧራ ወደ ኦሪንጉ ይዞ ይገባል፣ ይህ ሱፍ ከሌለ።

6ኛ፦ መገጣጠም

እጃችሁን ታጠቡ፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርጉ። ኦሪንጎቹን በቤንዚን አትጠቡ፣ ናይትሪል ያብጣል። በስሱ የሲሊኮን ግሪስ ቀቧቸው፤ ሲሊንደሩ ምግብ አጠገብ የሚሠራ ከሆነ ለምግብ የተፈቀደውን ዓይነት። ቱቦውንም ከውስጥ በጣት ቀቡት።

የመጋጫ ትራሶቹን በእያንዳንዱ አንገት ፊት ላይ በማስቲሽ ጠብታ ያዙ፤ ማስቲሹ የአየር ቀዳዳውን እንዳይደፍን። ዘንጉን በፊት ክዳን በኩል ስታስገቡ የዘንጉ ጫፍ ኦሪንጉን እንዳይቧጭር በስስ ፕላስቲክ ወይም በቴፕ ሸፍኑት። ፒስቶኑን ወደ ቱቦው ቀጥ አድርጋችሁ እየገፋችሁ በትንሹ አዙሩ። ቀጭን የጎማ ክር ወጥቶ ካያችሁ ኦሪንጉ ተቆርጧል፤ ቀይሩትና የቱቦውን አፍ ተዳፋት እንደገና አለስልሱ። ዳዶዎቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ አጥብቁ።

አሁን ቫልቭ ሳታገናኙ በእጅ ፈትሹ። ሁለቱም መግቢያ ክፍት ሆኖ ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲገፋ እኩል ይክበድ፤ የሚይዝበት ቦታ ካለ ዳዶዎቹ እኩል አልጠበቁም ወይም ቱቦው ክብ አይደለም። ከዚያ ዘንጉን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ የኋላውን መግቢያ በጣት ዝጉ፣ ዘንጉን ስባችሁ ልቀቁት። ወደ ኋላ ተወርውሮ ከተመለሰ የፒስቶኑ ኦሪንግ አየር አያሳልፍም ማለት ነው።

7ኛ፦ የግፊት ሙከራ

መጀመሪያ በውኃ ነው። ሲሊንደሩን ውኃ ሙሉ፣ የቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት የእጅ ፓምፕ 9 ባር፣ ማለትም የሥራውን ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል፣ ሰጥታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ሁለቱንም ጎን። ጌጁ ካልወረደና ክዳኑ ካልተንቀሳቀሰ ውኃውን አስወጡ፣ አድርቁ፣ ግሪሱን አድሱ፣ ወደ አየር እለፉ። መነጽር አድርጉ፣ ከዘንጉ ፊትም አትቁሙ።

ሬጉሌተሩን (የግፊት መቆጣጠሪያውን) ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጥሩ የተሠራ 16 ሚሜ ሲሊንደር ያለ ጭነት ከ0.5 ባር በታች መንቀሳቀስ ይጀምራል። 1 ባር አልፎም ካልተነሳ ጭመቃው በዝቷል፤ ፒስቶኑን አውጥታችሁ የቦዩን ጥልቀት በጎን 0.05 ሚሜ ጨምሩ። በ6 ባር ደግሞ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀቡ።

8ኛ፦ ከበሩ፣ ከቫልቩና ከአየሩ ጋር ማገናኘት

ዘንጉ ራሱ በር አይሁን። የሚመጣው ጠርሙስ ዘንጉን ከጎን በገፋው ቁጥር የፊት ክዳኑ ቀዳዳ ሞላላ እየሆነ ይሄዳል፣ ኦሪንጉም በአንድ ጎን ያልቃል። በሩ የራሱ መንሸራተቻ ይኑረው፤ ሲሊንደሩ የሚገፋውና የሚስበው ብቻ ነው፣ መገናኛውም 0.5 ሚሜ ያህል ላላ ይበል።

ለሁለት አቅጣጫ ሥራ አምስት የአየር በርና ሁለት አቋም ያለው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ቫልቭ ያስፈልጋል። ቫልቩን ሲሊንደሩ አጠገብ እሰሩት። በአንድ ስትሮክ ሲሊንደሩ የሚሞላው 4 ሲሲ ብቻ ነው። የ4 ሚሜ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 2.5 ከሆነ፣ አንድ ሜትሩ ብቻ 5 ሲሲ ገደማ ይይዛል። ቫልቩን 2 ሜትር ካራቃችሁት ከምትሞሉት አየር አብዛኛው ለቱቦው ነው፣ በሩም ይዘገያል።

የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በሚወጣው አየር ላይ አድርጉ። የሚገባውን ብታፍኑ ፒስቶኑ ይቆማል፣ ግፊት ይጠራቀማል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይቆማል። የሚወጣው ሲታፈን ግን ከፊቱ የአየር ትራስ ስላለ እኩል ይሄዳል። የቫልቩ ማስወጫ ወደ ጠርሙስ አፍ እንዳይነፋም ተጠንቀቁ።

አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች የአካባቢው አየር ግፊት ወደ 0.83 ባር ነው። የሲሊንደሩ ጉልበት አይቀንስም፤ ጌጁ 6 ካለ 6 ነው። ኮምፕረሰሩ የሚስበው አየር ግን የሳሳ ነው። ይህ ሲሊንደር ለአንድ ደርሶ መልስ በባሕር ጠለል 52 ሲሲ የአካባቢ አየር ይወስዳል፣ እዚህ 62። በደቂቃ 30 ጊዜ ቢሠራ 1.9 ሊትር ገደማ ነው፤ ለአንዱ ቀላል ነው፣ ስድስት ሰባት ስትደርቡ ግን በኮምፕረሰሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትመኑ። ከሬጉሌተሩ በፊት ማጣሪያ ይኑር፣ የኮምፕረሰሩን ታንክ ውኃ በየቀኑ አፍስሱ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጠዋትና ማታ።

ሲበላሽ

ጠዋት የመጀመሪያው ምት ብቻ ይዘገያል፦ ኦሪንጉ ሌሊት ሲቆም ግሪሱን ገፍቶ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ትንሽ መዘግየት የኦሪንግ ጠባይ ነው፤ ከተባባሰ ግሪሱ አልቋል። የዘይት መጋቢ አየሩ ላይ ከገጠማችሁ አታቋርጡት፣ ዘይቱ የመጀመሪያውን ግሪስ አጥቦ ስለሚወስድ ሲያልቅ ፒስቶኑ ደረቅ ይቀራል።

ከቫልቩ ማስወጫ አየር ያለማቋረጥ ይወጣል፦ የፒስቶኑ ኦሪንግ ነው ወይስ ቫልቩ? ዘንጉ ወጥቶ ሳለ የፊት ቱቦውን ከሲሊንደሩ ንቀሉ። አየር ከሲሊንደሩ መግቢያ ከወጣ ኦሪንጉ ነው፤ ሲሊንደሩ ዝም ብሎ ቫልቩ መንፋቱን ከቀጠለ ቫልቩ ነው።

ኦሪንጉ ሲወጣ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ምልክት አለው፦ በቦዩ ውስጥ አንዱ ጎኑ እየተንሸራተተ ሌላው እየተንከባለለ ነበር። ምክንያቱ ደረቅ መሥራት፣ እኩል ያልለሰለሰ ቱቦ ወይም ከመሐል የወጣ ፒስቶን ነው። አዲስ ኦሪንግ ብቻ መቀየር ለጥቂት ጊዜ ያሠራል፣ ያው ይመለሳል፤ ቱቦውን በብርሃን ፊት ያዙና ውስጡን እዩ።

ኦሪንጉ በአንድ ጎን ብቻ ጠፍጥፎ ካለቀ ደግሞ ሲሊንደሩን ትታችሁ የበሩን መንሸራተቻ መርምሩ።